«ልጆቼን ካላየሁ ቀለብ የምከፍለው ለምንድን ነው?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ ጥቂት አሳጥረነው፦

«እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከሁለት ዓመት በፊት በስምምነት ተፋትተን ፍርድ ቤት ስምምነታችንን አጽድቆልናል። የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አሉን። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር አራት ኪሎ አካባቢ በአያታቸው ቤት ይኖራሉ። በስምምነቱ መሠረት በየወሩ 6,000 ብር ቀለብ እከፍላለሁ፤ ስለ ጉብኝት ደግሞ “አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ልጆቹን ይጎበኛል” ይላል።

ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እኔና እናቴ ገላን ጉራ ገባን። መንገዱ እንደሚያውቁት ነው። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ደርሻለሁ፤ አንድ ጊዜም ልጆቹን የመለስኳቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ባለቤቴ ምክንያት አታጣም። አንድ ሰሞን ልጁ ታሟል ትላለች፣ ሌላ ጊዜ ልጅቷ ፈተና አለባት፣ ሲብስም ስልክ አይነሣም። ልጆቼን ካየሁ አራት ወር ሆነኝ። እኔም ተናድጄ ቀለቡን አቆምኩና “ልጆቹን ስታሳዪኝ እከፍላለሁ” አልኳት። እሷም “ስትከፍል ታያቸዋለህ” አለችኝ።

አንዱ ጓደኛዬ “ወንድ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው ሕጉ ለአባት ይሰጠዋልና ታገሥ” ይለኛል። ሌላው “ሕጉ ለሴት ያደላል፣ በከንቱ አትድከም” ይላል። ደመወዜ 15,000 ብር ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቀርቶብኛል፣ ትራንስፖርቱ ጨምሮብኛል። ቀለቡ እንዲቀነስልኝ መጠየቅ እችላለሁ? ልጄንስ ልወስደው እችላለሁ? ሌላ ባል ልታገባ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ይህ ለእኔ ይረዳኛል?»

መልስ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ታናሼ ነህና «አንተ» ብዬ ልጻፍልህ። ጥያቄህ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ለነገ የሚባል አይደለምና ከእሱ ልነሣ። ያቆምከውን ቀለብ ክፈል። የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ካልቻልክ የዚህን ወር ዛሬ አስገባና ውዝፉን በስንት ወር እንደምትጨርስ ለልጆችህ እናት በጽሑፍ አሳውቃት። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ የሚሠራው ይህን ካደረግህ በኋላ ነው። ቀለብ አቋርጦ ችሎት ፊት የሚቆም አባት፣ ዳኛው ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲያነሡበት የሚመልሰው ይጠፋዋል።

አንተ 6,000 ብሩን የምታየው ለቀድሞ ባለቤትህ እንደምትሰጣት ገንዘብ ነው። ሕጉ እንደዚያ አያየውም። ቀለብ ማለት የልጆቹ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ነው። ባለመብቶቹ ሁለቱ ልጆች ናቸው፤ እናትየው ተቀብላ የምታውልላቸው እንጂ የገንዘቡ ባለቤት አይደለችም። እሷን ለመቅጣት ብለህ ያስቀረኸው ብር የጎደለው ከልጅህ የምሳ ዕቃና ከትምህርት ቤት ክፍያዋ ላይ ነው። ጉብኝቱም እንደዚሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕጻን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ስምምነትም ከአንዱ ወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ከዚያ ወላጁ ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት አለው ይላል። በሁለቱም ቦታ መብቱ የተጻፈው በልጁ ስም ነው።

እናንተ ግን ሁለታችሁም የራሳችሁ ያልሆነውን ነገር ወለድ አገድ አስያዛችሁት። አንተ የልጆቹን ቀለብ ያዝክ፣ እሷ የልጆቹን አባት ያዘች። «ስትከፍል ታያቸዋለህ» ማለቷ ስህተት ነው፤ ይህን ጽሑፍ ካነበበች ለእሷም የምለው ይህንኑ ነው። አባት ቀለብ ካቋረጠ ያለው መንገድ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም ችሎቱን መጠየቅ፣ ማለትም የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ነው እንጂ በር መዝጋት አይደለም። አባትም ልጆቹን እንዳያይ ከተከለከለ ያለው መንገድ ስምምነቱን ወዳጸደቀው ችሎት ተመልሶ ማመልከት ነው እንጂ ቀለብ መቁረጥ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ውሳኔ ላይ ይጻፉ እንጂ አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አልተጻፈም። ቤትህ ያለውን ግልባጭ አውጥተህ አንብበው፤ «ካሳየችው ይከፍላል» የሚል መስመር አታገኝም።

ነገሩ የምክር ብቻ እንዳይመስልህ አደጋውንም ልንገርህ። እናትየው አፈጻጸም ብትጠይቅ ችሎቱ ለመሥሪያ ቤትህ ትእዛዝ ጽፎ ቀለቡን ከደመወዝህ ላይ ሊያስቆርጥ ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም፤ በአንተ ደመወዝ 5,000 ብር መሆኑ ነው። «እንግዲያው 1,000 ብር ተረፈልኝ» እንዳትል፤ ከደመወዝ ያልተቆረጠው ዕዳ ሆኖ ይቆይሃል። ከዚህም የከፋ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ለልጆቹ የሚገባውን ቀለብ የማይሰጥ ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። «ልጆቼን አላሳየችኝም» የሚለው መልስ በቂ ምክንያት ሆኖ ይቆጠርልኛል ብለህ አትመን።

አከፋፈሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ገንዘቡን በእጅ ትሰጣት ከነበረ ከዛሬ ጀምሮ ተው። በባንክ ወይም በቴሌብር ላክ፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይም «የጥቅምት ወር የልጆች ቀለብ» ብለህ የወሩን ስም ጻፍ። በየመሐሉ የገዛኸው ጫማ፣ ለልደት የወሰድከው ኬክ፣ ለልጅቷ በእጇ የሰጠሃት 200 ብር ከቀለብ አይታሰብልህም። አባቶች ችሎት ፊት «እኔ ብዙ አውጥቻለሁ» ሲሉ ውለው ማስረጃ ሲጠየቁ ዝም የሚሉት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ሕግ እንምጣ። ስለ አምስት ዓመት የነገረህ ጓደኛህ ከሜዳ አላመጣውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። ያኔም ቢሆን «አምስት ሲሞላው ለአባት ይሰጣል» የሚል አልነበረበትም፤ ያንን ሰዉ ራሱ የጨመረው ነው። ለማንኛውም ያ ድንጋጌ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የአምስት ዓመቱን ነገር ትቶታል። ዛሬ ልጅ በልደቱ ቀን ከእናት ወደ አባት የሚተላለፍበት ሕግ የለም። አንቀጽ 113 ዳኛው የልጆችን አስተዳደግ ሲወስኑ የሚመዝኑትን ዘርዝሯል፦ የተጋቢዎቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም። ጾታ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ስለዚህ «ሕጉ ለሴት ያደላል» የሚለው የሌላው ጓደኛህ አባባልም በወረቀት ላይ እውነት አይደለም። በተግባር ብዙ ጊዜ እናቶች የሚያገኙት ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ የምመልስልህ ቀላል ነው፤ ክርክሩ ሲጀመር ልጆቹ ያሉት፣ የለመዱት፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸውና ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ዳኛ የቆመ ኑሮ ማፍረስ አይወድም። አንተ ከገላን ጉራ ማልደህ ወጥተህ፣ ሥራ ውለህ፣ ማታ ስትገባ ልጁን ማን ይጠብቀዋል? እናትህ ናቸው ትለኝ ይሆናል። እሳቸውን ከልቤ አከብራለሁ፤ ዳኛው ግን ጤንነታቸውን፣ ዕድሜያቸውንና አቅማቸውን መጠየቃቸው አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። «ልጄን ልወስደው እችላለሁ?» ብለህ የጠየቅከው ስለ ወንዱ ብቻ ነው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልጠየቅክም። ስምንት ዓመት ሙሉ «አባዬ» ያለችህ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ተነጥሎ ቢሄድ እሷ ምን ትሆናለች? እህትና ወንድምን መለያየት በፍርድ ቤት ዘንድ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ቢሆን እንኳ እኔ አልመክርህም። የልጆቹን ሐሳብም መስማት እንደሚገባ አስታውስ። የስምንት ዓመት ልጅ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ብትጠየቅ የምትናገረው አላት፤ የመጨረሻው ቃል የእሷ ባይሆንም ይሰማል።

የሥጋ ዝምድና ብቻውን ክርክር እንደማያሸንፍ የሚያሳይ ፍርድ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ ከልጁ ርቆ የኖረው አባት በኋላ መጥቶ «ወላጅ እኔ ነኝ» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ወስነው ነበር። ሰበር ግን ከሁሉ በፊት የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የሰበር የሕግ ትርጉም በአገሪቱ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ነው። ይህን ያነሣሁት አንተን ከዚያ አባት ጋር ላመሳስልህ አይደለም፤ አንተ ልጆችህን የናፈቅህ ሰው መሆንህ ከደብዳቤህ ይታያል። ነገር ግን ያልተከፈለ ቀለብና ያልተደረገ ጉብኝት ከዓመት ዓመት ሲጠራቀም ወረቀት ላይ የሚያስመስልህ እንደዚያ ነው።

ሌላ ባል ማግባቷን በተመለከተ አጭር ነው፦ አይረዳህም። ያገባች እናት ልጆቿን ታጣለች የሚል ሕግ የለም፤ አንተም ብታገባ እንደዚሁ። አዲሱ ሰው ልጆቹን የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ማስረጃ ይፈልጋል እንጂ የሰፈር ወሬ አይበቃውም።

ቀለቡ ይቀነስልኝ ማለት ትችላለህ? አዎ። የቀለብ ልክ በድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ሕጉ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ የተቀባዩን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም። አንዱ ሲለወጥ ልኩም እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል። ሰዎች «ከደመወዝ ይህን ያህል በመቶ» የሚሉት ነገር በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ የለም፤ ዳኛው የቀረበላቸውን ማስረጃ አይተው ይወስናሉ። ቀለብ የሁለታችሁም ግዴታ ስለሆነ የእናትየው ገቢም ይታያል። የትርፍ ሰዓት ክፍያህ መቅረቱን መሥሪያ ቤትህ በደብዳቤ ያረጋግጥልህ፤ የትራንስፖርቱንም ወጪ አስልተህ አቅርብ። ሆኖም ሦስት ነገሮችን አስቀድመህ እወቅ። ችሎቱ እስኪለውጠው ድረስ 6,000 ብሩ ሙሉውን ይከፈላል፤ በራስህ ሥልጣን 4,000 ብር እየላክህ «ከቻልኩት በላይ አልችልም» ማለት አይቻልም። ማመልከቻህ በር ከፈተ ማለት እሷም ይጨመርልኝ ብላ መምጣት ትችላለች፤ ልጅቷ ክፍል ስትጨምር የትምህርት ቤት ክፍያውም እንደጨመረ ሳታውቀው አትቀርም። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ ከ15,000 ብር ላይ 6,000 ብር ከባድ ቢሆንም ሁለት ልጅ አዲስ አበባ መሐል በ6,000 ብር አይኖርም። የቀረውን የሚሸፍን ሰው አለ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዋናው ችግራችሁ የት እንዳለ ላሳይህ። ችግሩ ያለው «አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ልጆቹን ይጎበኛል» የምትለዋ አንዲት መስመር ውስጥ ነው። ስትፋቱ የቤቱን ዕቃ እስከ ማንኪያው ቆጥራችሁ እንደተካፈላችሁ እገምታለሁ፤ ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው። ለልጆቹ ግን አንድ መስመር ሰጣችኋቸው። እሑድ በስንት ሰዓት? የት? ማን ያመጣቸዋል፣ ማን ይመልሳቸዋል? ልጁ ቢያተኩሰው ጉብኝቱ ቀረ ነው ወይስ ተላለፈ? ፋሲካ በዚያ እሑድ ቢውልስ? መስመሯ አንዱንም አትመልስም። የማይመልስ ስምምነት ደግሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲስ ጠብ ይወልዳል። ስምምነቱ ሲጻፍ አንተ ካዛንቺስ ነበርክ፤ ከካዛንቺስ አራት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። ዛሬ ያለኸው ከተማው ዳር ነው። ሕጉ ራሱ አዲስ ሁኔታ ሲፈጠር ስለ ልጆች የተሰጠ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ በር ከፍቷል፤ የቤትህ መነሣት አዲስ ሁኔታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ከደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ቸኩለህ አልፈኸዋል፤ ሁለት ጊዜ ዘግይተህ መድረስህንና ልጆቹን ከምሽቱ 2 ሰዓት መመለስህን። ለአንተ የመንገድ ጉዳይ ነው። ለእናትየው ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ በጨለማ፣ ስልክ ሳይደወልላት፣ ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤት እያለ ነው። ሰበብ መደርደሯ ልክ ነው አልልህም፤ የተጀመረው ግን ከዚያች ማታ እንደሆነ ደብዳቤህ ራሱ ይናገራል። ለዚያች ማታ ይቅርታ ጠይቃት። ወጪ የለውም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ስምምነት አርቅቁ። እሑድ ለእናንተ የተመቸ ቀን አይመስለኝም። እሑድ ጠዋት አያታቸው ቤት ያሉ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አንተ ስትደርስ ረፋድ ይሆናል፣ ምሳ በልተው ሳይጨርሱ የመመለሻ ጭንቀት ይጀምርሃል። እኔ ብሆን ቅዳሜን እመርጥ ነበር፤ ልጆቹ ገላን ጉራ ከአያታቸው ጋር አድረው እሑድ ይመለሱ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ጊዜ ሩጫ ከማብዛት አንድ ሌሊት አብረው ቢያድሩ ይሻላል፤ ልጅ አባቱን የሚያውቀው አልጋ ሲያነጥፍለትና ጠዋት ፊቱን ሲያጥብለት ነው። እናትየው ማደሩን ወዲያው ካልተቀበለች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቀን ይጀመርና ማደሩ ከዚያ በኋላ ይሁን ብለህ ጻፍ። ጽሑፉን በዚህ ዓይነት አስቀምጠው፦

«አባት በየሁለተኛው ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ልጆቹን ከእናታቸው መኖሪያ በር ላይ ይረከባል፤ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት በዚያው በር ላይ ያስረክባል። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በዕለቱ የማይመቸው ከሆነ እስከ ሐሙስ ምሽት ድረስ በጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል፤ ያመለጠው ጉብኝት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይተካል። ልጅ ከታመመ በዕለቱ አብሮት ያለው ወላጅ ወደ ሕክምና ወስዶ ለሌላው ወዲያው ይደውላል። የአንዱ ልጅ ሕመም የሌላውን ልጅ ጉብኝት አያስቀርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ልጁ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ልጅቷም አብራ ከአባቷ የምትቀርበት ምክንያት የለም። አባትም ታማሚውን ልጅ ቤቱ ሄዶ ለግማሽ ሰዓት መጠየቅ ይችላል፤ ይህንንም ብትጽፉት አይከፋም።

በዓላትን አትርሱ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ አንድ ዓመት ከአንዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላው ጋር ብላችሁ አሁኑኑ ብትከፋፍሉ በየበዓሉ ዋዜማ ዶሮው ድስት ውስጥ እያለ ስልክ ላይ አትጨቃጨቁም። ክረምቱ ለአንተ ዋና ጊዜህ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሁለት ሳምንት ወይም ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከአንተ ጋር እንዲሆኑ ጠይቅ፤ የዓመት ፈቃድህንም ለዚያ አስቀምጥ። በሳምንቱ መሐል የስልክ ቀን ይኑር፤ ለምሳሌ ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በአያታቸው ስልክም ቢሆን። የትምህርት ቤት ውጤትና የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ለሁለታችሁም እንዲደርስ ይጻፍ። ልጆቹን ይዞ ከከተማ መውጣት፣ ከአገር መውጣትና ፓስፖርት ማውጣት የሁለታችሁን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲጠይቅም አድርጉ፤ አሁን የማይመስል ነገር ነው፣ ሲመጣ ግን ከባድ ነው።

ቀለቡንም እዚያው አስተካክሉት። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ከመጠቅለል የትምህርት ቤት ክፍያን ለብቻ አውጥታችሁ «ይህን ያህሉን እጅ አባት፣ ይህን ያህሉን እጅ እናት ይከፍላሉ» ብላችሁ በድርሻ ብታስቀምጡት ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር በየዓመቱ ችሎት አትመላለሱም። ከባድ ሕክምናም በድርሻ ይሁን። የወሩ ቀለብ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ ይጻፍ፤ ደመወዝህ በወሩ መጨረሻ ከሆነ «እስከ ወሩ 5ኛ ቀን» ይበቃል።

ሽማግሌ ያስፈልጋችኋል? እናንተ ፊት ለፊት መነጋገር ካልቻላችሁ አዎ፤ ከአንተ በኩል አንድ፣ ከእሷ በኩል አንድ ይበቃሉ። አምስትና ስድስት ሰው ሰብስበህ የአያትየውን ሳሎን አታስጨንቅ። ሽማግሌዎቹ «ታረቁና አብራችሁ ኑሩ» ሊሉ አይደለም የሚመጡት፤ ይህን አስቀድመህ ንገራቸው፣ አለዚያ ቀኑ በሙሉ በዚያ ያልቃል። የሚያስማሟችሁ በልጆቹ ጉዳይ ብቻ ነው። የተስማማችሁበት ወረቀት ሁለታችሁም ስለፈረማችሁበት ብቻ አያበቃም፤ ፍቺውን ወዳጸደቀው ችሎት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ዳኛው ስምምነቱ ለልጆቹ ደኅንነት በቂ ጥበቃ አያደርግም ብለው ካመኑ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ከጸደቀ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ፍርድ በአፈጻጸም ይጠየቅበታል፤ በር የዘጋም ቀለብ ያቋረጠም በእሱ ይያዛል።

ካልተስማማችሁ ብቻህን ማመልከት ትችላለህ። ማመልከቻው ላይ የእሷን ክፋት አትዘርዝር። ቀኖቹን ጻፍ፦ በየትኛው ቀን ሄድክ፣ ምን ተባልክ፣ የትኛውን መልእክት ላክህ፣ ምን መለሰች። ስልኩ የማይነሣ ከሆነ በጽሑፍ መልእክት «ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ልጆቹን ልወስድ እመጣለሁ፣ የሚያስቸግር ነገር ካለ ንገሪኝ» ብለህ በትሕትና ላክና መልእክቱን አታጥፋ። ስድብ የያዘ መልእክት አንድም አትላክ፤ ችሎት ፊት ጮክ ብሎ ሲነበብ ምን እንደሚመስል አስበው።

ልጆቹን ስታገኛቸው ደግሞ «እናታችሁ ለምን ከለከለች? ማን ቤት መጣ? ያ ሰውዬ ያድራል?» አትበላቸው። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የትኛው መልስ ማንን እንደሚያስከፋ ጠንቅቃ ታውቃለች፣ በዚህ መሐል እንድትቆም አታድርጋት። ስለ ትምህርት ቤቷ ጠይቃት፤ አራት ወር ያመለጠህ ብዙ ነገር አለ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካነሰህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር ያለውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። የልጆችህ እናትም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ማነጋገር ትችላለች፤ እሷ የሕግ ምክር ማግኘቷ አንተን አይጎዳህም፣ መብቷን የሚነግሯት ሰዎች ግዴታዋንም ይነግሯታል። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት አጠገብ ባሉ ራፖር ጸሐፊዎች ማስጻፍ ይቻላል፤ ይዘቱን ግን አንተ ራስህ በወረቀት አዘጋጅተህ ስጣቸው፣ አለዚያ ለሁሉም ሰው የሚጽፉትን ያንኑ ይጽፉልሃል።

ስትሄድ የምትይዛቸው እነዚህ ናቸው፦ የፍቺ ውሳኔውና የጸደቀው ስምምነት ግልባጭ፣ የሁለቱ ልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤትህ የደመወዝ ማረጋገጫ፣ ቀለብ የከፈልክባቸው የባንክ ደረሰኞች፣ ገላን ጉራ መኖርህን የሚያሳይ የወረዳ ማስረጃና የመልእክቶቹ ቅጂ። የውሳኔው ግልባጭ ቤት ሲፈርስ ከዕቃ ጋር ጠፍቶብህ ከሆነ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በማመልከቻ ማውጣት ይቻላል፤ የመዝገብ ቁጥሩን ካላስታወስከው በስምህና በዓመተ ምሕረቱ ያፈላልጉልሃል።